በየወሩ ከፍሎ መስማት ወይስ ዘፈኑን ገዝቶ መያዝ?

ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ሀዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ስክሪን ለማስቀየር የመጣ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ወንበሯ ላይ ቁጭ ይላል። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። "ስልኬ ለምን ይግላል?" "ኦሪጅናል ቻርጀር በምን ይታወቃል?" ከዚያ የዘፈኑ ጥያቄ ይመጣል፦ በየወሩ እየከፈሉ መስማት ይሻላል ወይስ ዘፈኑን ገዝቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ?

ውጭ አገር ላለ ሰው መልሱ ቀላል ነው። አዲስ ነገር መስማት የሚወድ በወር ይከፍላል፣ የሚወደውን የሚደጋግም ይገዛል። እኛ ጋ ግን ከዚህ በፊት ሦስት ነገር መታየት አለበት። በምን ትከፍላላችሁ? በምን ዳታ ትሰማላችሁ? ክፍያው የቆመ ቀን እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል? ሰው ሲሳሳት የማየው ሦስተኛው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

"አውርጄዋለሁ" ሲባል

አንድ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። "ወንድሜ፣ ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም" አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። የሙዚቃ አፑ ውስጥ 200 ገደማ ዘፈን አውርዳለች። ሁሉም አሉ። ስማቸው ይታያል፣ ግን ደብዝዘዋል። ብትነካቸው አይሰሙም።

"ዳታ የምታበሪው መቼ ነው?" አልኳት።

"ኧረ እኔ አላበራም። ያወረድኩት እኮ ዳታ ላለማብራት ነው!"

ልክ ናት፣ ግን ሕጉን የነገራት የለም። በወር ክፍያ አፕ ላይ የሚወርድ ዘፈን የተቆለፈ ፋይል ነው። የሚከፍተው ራሱ አፑ ብቻ ነው። አፑ ደግሞ ክፍያችሁ እንዳለ ለማረጋገጥ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስፖቲፋይ ለምሳሌ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት እንድታገኙ ይጠይቃል። ካላገኛችሁ ያወረዳችሁት ይዘጋል። የሱቁን ዋይፋይ ሰጠኋት፤ ደቂቃ ሳይሞላ ዘፈኖቹ ነቁ። ለቫይረስ ማጽጃ ልትከፍል አስባው የነበረው ገንዘብ ኪሷ ቀረ።

ከሽያጭ መደብር የተገዛ ዘፈን እንዲህ አያደርግም። ኤምፒስሪ ወይም ሌላ ክፍት ፋይል ሆኖ ይመጣል። ወደ ኮምፒውተር ብታዛውሩት፣ ፍላሽ ላይ ብታደርጉት፣ አሥር ዓመት ኢንተርኔት ባታዩ ያው ይዘፍናል። ሁለቱንም "ዳውንሎድ" ስለምንላቸው ነው የሚምታታው።

እኔ ራሴ፣ ጠጋኙ፣ ተሸውጃለሁ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሙዚቃ የማጫወት ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። የደስ ደስ ያላቸውን 150 ዘፈኖች በምጠቀምበት አፕ ላይ አሰናዳሁ፣ አወረድኩ፣ ተዘጋጅቻለሁ አልኩ። ወርሃዊ ክፍያውን የምትከፍልልኝ ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ነበረች። ለካ ካርዷን ቀይራለች። ክፍያው ሳይቆረጥ ቀርቷል፣ አፑም ወደ ነፃው ደረጃ ወርዷል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ድንኳን ውስጥ ነው። የወረዱት አልከፈት ሲሉኝ በሞባይል ዳታ አስጀመርኩ። ሙሽሮቹ ሊገቡ በር ላይ ደርሰዋል፣ አጃቢው እስክስታውን አጧጡፎታል፣ ድንገት ዘፈኑ ቆመና በእንግሊዝኛ የጫማ ማስታወቂያ ድንኳኑን ሞላው። አጎቴ እስከ ዛሬ "ጫማው ተሸጠ ወይ?" ይለኛል።

ግዢም ቢሆን በራሱ መተማመኛ አይደለም

ቀድሞ የሚሸጡ ዘፈኖችም ቁልፍ ነበራቸው። የአፕል አይቱንስ መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ፋይሉ ግን የሚከፈተው በተወሰኑ መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነበር። ቁልፉ የተነሳው በ2009 ነው። ማይክሮሶፍትም ኤምኤስኤን ሙዚክ የሚባል መደብር ነበረው። በ2008፣ ለሸጣቸው ዘፈኖች መክፈቻ ቁልፍ መስጠት ሊያቆም መሆኑን ሲያስታውቅ ደንበኛው አበደ፤ ቀኑን ለማራዘም ተገደደ። ገንዘብ ተከፍሎባቸዋል፣ ሆኖም ኮምፒውተር በተቀየረ ቁጥር ቁልፉን ከሻጩ መለመን ነበረ። ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ፦ ፋይሉን አውጥቼ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ እችላለሁ? መልሱ "አፑ ውስጥ ብቻ" ከሆነ፣ ስሙ ግዢ ቢባልም ነገሩ ያው የተቆለፈው ነው።

በወር ክፍያው በኩል ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ሊነሳ ይችላል። ኒል ያንግ የሚባለው የካናዳ ተወላጅ ዘፋኝ በጥር 2022 ከስፖቲፋይ ጋር ተጣልቶ ሥራዎቹን አስነሳ። የተመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በመሀል እየከፈለ ሲጠብቅ የነበረው አድማጭ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ፋይሉን የገዛው ሰው ወሬውን ሰምቶ ዘፈኑን ከፍቶ ቁጭ አለ።

የዳታው ሂሳብ

እዚህ ላይ ወረቀት አውጡ። ስፖቲፋይ "ኖርማል" በሚለው ጥራት በሰከንድ 96 ኪሎቢት ይወስዳል። ይህ በሰዓት 43 ሜጋባይት ነው። "ቬሪ ሃይ" የሚለው 320 ኪሎቢት ሲሆን በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል። ዝቅተኛው 24 ኪሎቢት ነው፤ በሰዓት 11 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሰማ ሰው "ኖርማሉ" በወር 2.6 ጊጋባይት ነው። በ320 ኪሎቢቱ 8.6 ጊጋ ይደርሳል። የወር ጥቅላችሁ ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ ጥራቱን ወደ ላይ አድርጎ ይረሳዋል፤ ከዚያ በሞባይል ዳታ ሲሄድ ጥቅሉ በሦስት ቀን ያልቅና ቴሌን ይረግማል። ማስተካከያው አፑ ውስጥ ነው፤ ለዋይፋይና ለሞባይል ዳታ ለየብቻ ይመረጣል።

አሁን ግዢውን እዩ። አራት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ 9.6 ሜጋባይት ነው። አንዴ ይወርዳል፣ አለቀ። ያንኑ ዘፈን ሳታወርዱት በ96 ብትሰሙት በእያንዳንዱ ጊዜ 2.9 ሜጋ ገደማ ነው። አራተኛው ላይ ግዢው በዳታ ረከሰ ማለት ነው፣ ያውም በተሻለ ድምፅ። አፖቹ በቅርብ የሰማችሁትን ለጊዜው ስለሚያስቀምጡ ልዩነቱ ትንሽ ይጠብባል። ዋናው ነጥብ ግን አይቀየርም። አንድ ዘፈን በቀን አምስት ጊዜ የምትሰሙ ከሆነ (አትፈሩ፣ አልፈርድም) ወይ ግዙት ወይ አፑ ላይ በዋይፋይ አውርዱት።

እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ደንበኛዬ የሚሰማው በዩቲዩብ ነው። ነፃ ነው፣ የሌለበት ዘፈን የለም። ነገር ግን ምስሉም አብሮ ስለሚወርድ ዳታው በብዙ እጥፍ ይሄዳል። ያለ ክፍያ ደግሞ ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ስክሪን አብርተው ሲነዱ የሚውሉ የባጃጅ ልጆች አሉ። ባትሪ ማስቀየር የሚመጡት እነሱው ናቸው። ቢያንስ የምስሉን ጥራት ወደ 144 ዝቅ አድርጉት፤ አንገታችሁን አዙራችሁ አታዩት።

መክፈያው

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የውጭዎቹ አገልግሎቶች ዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ። ባንኮቻችን የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላለው ሰው እንዲህ ዓይነት ካርድ አላቸው። የሌለው ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራል። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ ምንም ሳይጨምር እኛ ጋ እጥፍ ሆነ። በዚያ ላይ ራሱም ይጨምራል። ስፖቲፋይ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በወር 9.99 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 10.99፣ በ2024 11.99 ገባ። የ2024ቱ ዋጋ በዓመት ወደ 144 ዶላር ነበር። በዚያው ገንዘብ እያንዳንዱ 1.29 ዶላር የሆነ 111 ዘፈን ይገዛል። በዓመት 111 አዲስ ዘፈን እስከ ነፍሳችሁ የምትወዱ ከሆነ ንገሩኝ።

በየአገሩ ዋጋው ይለያያል፤ አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ በሁሉም አገር አይሠራም። ካርድ ከማስገባታችሁ በፊት ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ እዩ። ስለ ቤተሰብ ጥቅልም ልጨምር። የስፖቲፋዩ እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፣ ግን በአንድ አድራሻ ለሚኖሩ ነው። ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ ሀዋሳ ያላችሁትን እናንተን ብትጨምር አንድ ቀን ሊያወጧችሁ መብታቸው ነው።

ግዢ በዚህ በኩል ይቀላል፣ ምክንያቱም የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ባንድካምፕ የሚባል መደብር አለ፤ ዘፋኞችና አሳታሚዎች በቀጥታ የሚሸጡበት። እዚያ አልበም በስጦታ መላክ ይቻላል። ዘመዳችሁ አንዴ ይከፍላል፣ እናንተ ኢሜይል ይደርሳችኋል፣ ፋይሉን በፈለጋችሁት ዓይነት ታወርዳላችሁ። "ለበዓል ምን ልላክልህ?" ሲባል መልስ አገኛችሁ ማለት ነው። በየወሩ ከማስቸገር ይህ ይሻላል። የድሮ የሀገራችን የመሣሪያ ሙዚቃ ለሚወድም ቦታው ጥሩ ነው፤ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በድጋሚ የታተሙ ሥራዎች እዚያ ይሸጣሉ።

የአገር ውስጦቹም አሉ። አውታር በ2011 ዓ.ም. ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበር። ሐሳቡ ዘፈንን በነጠላ መሸጥ፣ ክፍያውን ከስልክ ሂሳብ መቁረጥ ነበር። ለእኛ ኪስ የታሰበ አሠራር ይህ ነው፤ ካርድ የለ፣ ዶላር የለ። በኋላ ሰዋስው በአባልነት ክፍያ መጣ። በብር የሚከፈልበት አማራጭ ካለ እኔ ሁልጊዜ ቅድሚያ ለእሱ እሰጣለሁ። አፑን ከጫናችሁ በኋላ ግን የግዢውን ጥያቄ አትርሱ፦ ፋይሉ ይወጣል ወይስ እዚያው ተቆልፎ ይኖራል?

የምትፈልጉት ዘፈን አለ ወይ?

100 ሚሊዮን ዘፈን አለን ይላሉ። እናቴ የምትፈልጋቸው አራቱ ግን የሉም። የካሴት ዘመን ሥራ ብዙው በሕጋዊ መንገድ ወደ አፖቹ አልገባም፤ የገባውም አንዳንዱ ስሙ ተሳስቶ ነው የተጫነው። ፊቼ ጨምበላላ ሲቃረብ የሲዳምኛ ዘፈን ፈልጎ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ እሱንም የማገኝለት በአብዛኛው ከዘፋኞቹ የዩቲዩብ ቻናል ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትወዷቸውን አሥር ዘፈኖች በወረቀት ጻፉና በነፃው ደረጃ ፈልጓቸው። በአማርኛም በላቲን ፊደልም ፈልጉ። ስድስቱ ካልተገኙ አትክፈሉ።

ስልኩ ሐይቅ ሲገባ

ለወር ክፍያው ትልቅ ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄድ ጉማሬ ፎቶ ሊያነሳ ብሎ ስልኩን ለሐይቁ ሰጠው። ሌላ ስልክ ገዝቶ መጣ። የወር ክፍያው አፕ ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገባሁለት፤ ዝርዝሮቹ በሙሉ እንዳሉ ተመለሱ። ከዘመድ ያሰባሰባቸውና በገንዘቡ የገዛቸው ዘፈኖች ግን ስልኩ ላይ ብቻ ነበሩ። አሁን አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ወፎች ይስሟቸው።

የምትገዙ ከሆነ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ስልክ ከሆነ ሌላው ኮምፒውተር ወይም ቤት የሚቀመጥ ሚሞሪ ካርድ ይሁን። ካርድ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ላዩ 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። የመጀመሪያውን 8 ጊጋ በደንብ ይቀበላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የተቀበለ እየመሰለ ይጥለዋል። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነባል። እኔ ሳልፈትን አልሸጥም። የሚሸጥላችሁ ሰው "ጊዜ የለኝም" ካላችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።

መኪና ወይም ባጃጅ ላይ ለሚሰማ ሌላም ጣጣ አለ። ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ኤፍኤቲ32 የተባለውን አደረጃጀት ነው። ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ አደረጃጀት ነው የሚመጣው፤ ስትሰኩት ዝም ይላል፣ እናንተ ተበላሸ ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ፎርማት ብቻ ነው የሚፈልገው። ፍላክ የሚባለውን ትልቅ ፋይልም አብዛኞቹ አያውቁትም፤ ኤምፒስሪ ስጧቸው። በአማርኛ የተጻፈ የዘፈን ስም ደግሞ በአንዳንዱ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይደረደራል፤ መልኩ ነው እንጂ ድምፁ ደህና ነው። ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ የማልጽፈውም ለዚህ ነው። የባጃጅ ስፒከር ላይ፣ የመናኸሪያ ጡሩምባ መሀል፣ 160ን ከ320 የሚለይ ጆሮ ካለ መጥቶ ይወዳደረኝ።

ገንዘቡ ዘፋኙ ጋ ይደርሳል?

በወር ክፍያ ላይ የሁሉም ሰው ብር አንድ ቋት ውስጥ ይገባና በተሰማው መጠን ይከፋፈላል። ከአንድ ጊዜ መስማት የሚገኘው የአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስፖቲፋይ ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ወስዶ ሌላውን (የካርድ ወጪ ሲቀነስ) ለሻጩ ይሰጣል። ለጀማሪ ዘፋኝ አንድ ሰው አልበሙን ቢገዛ በሺዎች ጊዜ ከመሰማት ይበልጣል።

ፍላሽ የሚሞሉልን ሱቆችስ? እነሱ ጋ ዘፋኙ የሚያገኘው ዜሮ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። እኔም ሱቁን ስከፍት ሁለት ዓመት ፍላሽ ሞልቻለሁ፤ አልዋሽም። ገቢው ጥሩ ነበር። የተውኩት አንድ ቀን ስክሪን ሊያስቀይር የመጣ ወጣት የራሱን ዘፈን የዋጋ ዝርዝሬ ላይ ስላየው ነው። ምንም አልተናገረም። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

እኔ ምን አደርጋለሁ?

ሁለቱንም፣ ግን እኩል አይደለም። ቤቱ ዋይፋይ ያለው፣ መክፈያው የማያስቸግረው፣ አዲስ የወጣ ነገር ሳይሰማ የማያድር ወጣት በወር ይክፈል፤ አይቆጨውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ በግቢው ዋይፋይ እያወረዳችሁ መስማት ትችላላችሁ፤ ረጅም ዕረፍት ላይ ወደ ገጠር ስትሄዱ ግን ሠላሳውን ቀን ቁጠሩ። ለሰርግ፣ ለሱቅ፣ ለመንገድ፣ ለእናት ስልክ ግን የተገዛ ፋይል እንጂ ሌላ አልመክርም። እኔ በዓመት ሁለት ወር እከፍላለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በክረምት። በእነዚያ ሁለት ወራት የወጣውን ሁሉ እሰማለሁ፣ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ክፍያውን አቆምና ከዝርዝሩ ውስጥ ጭንቅላቴን አልለቅ ያሉትን እገዛለሁ። አምና ዘጠኝ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት የመጣው የባጃጅ ሹፌር ይህን ስነግረው ሳቀ። "ብሮ፣ እኔ ፍላሼ ላይ 1,100 ዘፈን አለ። ያን ሁሉ ልግዛ?" ፍላሹ ፎርማት ይፈልግ ስለነበር ጊዜ ነበረን። እስክሪብቶና የድሮ ደረሰኝ ሰጠሁትና "ስማቸውን የምታውቃቸውን ብቻ ጻፍልኝ" አልኩት። ደረሰኙን መሪው ላይ አስደግፎ ጀመረ። መጀመሪያ በፍጥነት ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ታቦር ተራራን እያየ ማሰብ ጀመረ። አሥራ አራተኛው ላይ እስክሪብቶውን መለሰልኝ።